የኪሮሽ ጉማሬው ሆድ ፋይበር እንዳያሳይ

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጄ ለአስተማሪዋ የምትሰጠው ትንሽ ጉማሬ በኪሮሽ እየሠራሁላት ነበር። ባሕር ዳር ተቀምጦ ከጉማሬ ሌላ ምን ይሠራል? ችግሩ የመጣው ስሞላው ነው። ግራጫው ክር ተወጠረና በየቀዳዳው ነጭ ፋይበር ብቅ ብቅ አለ።

መፍትሔው መርፌው ላይ ነው። የክር መጠቅለያ ላይ የሚጻፈው የመርፌ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለሹራብና ለሻርፕ የታሰበ ነው። አሻንጉሊት ግን ጠበቅ ማለት አለበት። የኔ ክር 4 ሚሊሜትር ይላል፤ ሁለተኛውን ጉማሬ በ2.5 ሠራሁት። እውነቱን ለመናገር ጣት ያማል። ቀዳዳው ግን ጠፋ።

የክር አያያዝም ለውጥ አለው። መርፌውን ሰክታችሁ ክሩን ስትስቡ፣ መርፌው ከክሩ በላይ ይለፍና ወደ ታች ይያዘው። ስፌቱ የኤክስ ቅርጽ ይዞ ይጠብቃል። ለማጥበብ ሁለት ስፌት አንድ ስታደርጉ ደግሞ ከየስፌቱ የፊት ለፊቱን ክር ብቻ ያዙ፤ አለዚያ እዚያው ጋ ክፍተት ይቀራል።

የመጀመሪያውን አልፈታሁትም፤ ማን ይፈታዋል! አሮጌ ጥቁር ስቶኪንግ ቆርጬ ሆዱ ውስጥ ከተትኩና ፋይበሩን እሱ ውስጥ ሞላሁት። ለስፖርት አስተማሪው ሄደ።