የታክሲ ሰልፍና የመንገድ ቁርጥራጭ ጊዜን ለጤናችሁ እንዴት ታውሉታላችሁ

አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ አራብሳ ምናምን የምትኖሩ ሰዎች "ለራሴ የሚሆን ጊዜ የለኝም" ስትሉ እውነታችሁን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚገባ ሰው ጂም ግባ ቢባል ሰዓቱን ከየት ያመጣዋል? ግን ቀናችን ውስጥ እዚም እዛም የወዳደቀች ጊዜ አለች፣ ታክሲ እስኪመጣ፣ ጀበናው እስኪፈላ፣ አለቃ እስኪጠራን። እቺን ጊዜ አሁን ስልካችን ነው እየበላት ያለው፣ ከ10 ደቂቃ ስክሮል በኋላ ደሞ የባሰ ደክሞን ነው ቀና የምንለው።

ለጤና ተብሎ የሚሰራ እንቅስቃሴ የግድ ረጅም መሆን የለበትም። ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም ይባል ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው መመሪያ ግን ያንን ገደብ አንስቶታል። ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ፈጠን ያለ የእግር መንገድ አይነት፣ እሱም 2 ደቂቃ 3 ደቂቃ እየተለቃቀመ ይሞላል። ከከተማ ዳር ለምንመላለስ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ነገ ከቤት ከወጣችሁበት ጀምሮ የት የት ቆማችሁ እንደምትጠብቁ ልብ በሉ። ከዛ በየቀኑ የማይቀረውን አንዱን መጠበቅ ምረጡና አንድ ነገር ብቻ አያይዙበት። "ሲመቸኝ አደርገዋለሁ" ያላችሁት ነገር አይደረግም፣ "ሰልፍ ስይዝ" ያላችሁትን ግን ሰልፉ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የታክሲ ሰልፍ ነው፣ ምክንያቱም አይቀርም። እዛ ቆማችሁ ሁለቱንም ተረከዝ ከመሬት አንሱና በእግር ጣታችሁ ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ 15 ጊዜ፣ ትንሽ አርፋችሁ ደሞ 15። ባታችን በተኮማተረ ቁጥር እግር ውስጥ የተጠራቀመውን ደም ወደ ልብ ይገፋዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ወይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ማታ እግሩ የሚከብደውና የሚያብጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ሰው ምን ይለኛል አትበሉ፣ በዛ የጠዋት ብርድ እግሩን የሚያሟሙቅ ሰው ነው የምትመስሉት።

ታክሲ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ደሞ ትንፋሽ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፣ በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ይሆናል። አየር ስናስወጣ ቫገስ የሚባለው ነርቭ የልብ ምታችንን ዝግ ያደርገዋል፣ ለዛ ነው ማስወጣቱን የምናረዝመው። ለ3 ለ4 ደቂቃ ይበቃል። በተለይ ቂሊንጦ ጋ መንገዱ ሲዘጋጋና ስራ አረፈድኩ ብላችሁ ውስጣችሁ ሲቃጠል፣ ወይ ከወያላ ጋር በመልስ የተነጋገራችሁ ቀን ሞክሩት፣ መንገዱ ባይከፈትም እናንተ ተረጋግታችሁ ትወርዳላችሁ። ካዞራችሁ ተዉትና እንደወትሮው ተንፍሱ።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ያለ ሊፍት የምትኖሩ ደረጃው ራሱ ስፖርታችሁ ነው፣ አንዱን ፎቅ ብቻ ፈጠን ብላችሁ ውጡና ሌላውን በዝግታ። ውሃ መጥቶ ጀሪካን የምትሸከሙበት ቀንም ይቆጠራል፣ ግን ወገባችሁን አጥፋችሁ ሳይሆን ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ፣ 20 ሊትሩን በአንድ እጅ ከመጎተት 10 ሊትር በግራ 10 ሊትር በቀኝ ይሻላል።

እንጀራ የምትጋግሩ እህቶች፣ አክንባሎው ተከድኖ እስኪከፈት ያለችዋ ደቂቃ ለትከሻና ለአንገት ትሁንላችሁ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ትከሻን ወደ ኋላ 5 ጊዜ ማዞር፣ አገጭን ትንሽ ወደ ውስጥ መሳብ። ማታ ለሚይዛችሁ የጀርባ ህመም አንዱ ምክንያት ሰዓቱን ሁሉ ምጣድ ላይ ማጎንበስ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተር ላይ የምትውሉ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ያለ ነገር እዩ፣ አይናችሁ ያርፋል። ቤት ስትሆኑ ደሞ በረንዳ ወጥታችሁ የረር ተራራን ማየት ነው፣ የዳር ሰፈር ጥቅሙ ይሄ ነው፣ መሀል ከተማ እኮ አይናችሁን የት ትሰዱታላችሁ፣ ግድግዳ ብቻ።

አንዷን ቁራጭ ለሰው አውሏት። "እማዬ እንዴት ዋልሽ፣ ታክሲ እየጠበኩ ነው" ብሎ መደወል 3 ደቂቃ አይፈጅም፣ ቅዳሜ ተረጋግቼ እደውላለሁ ያላችሁት ቅዳሜ ደሞ ልብስ አጠባና ለቅሶ ይበላዋል። አንዷን ደሞ ባዶዋን ተዉአት፣ ምንም አትስሩባት፣ ስልኩም ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ሁሉን ደቂቃ በፕሮግራም ከሞላችሁት እረፍቱም ስራ ይሆንባችኋል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። ሁለተኛውን የምትጨምሩት የመጀመሪያው ሳታስቡት መደረግ ሲጀምር ነው፣ አንድ ቀን ቢዘለል ምንም አይደል፣ በማግስቱ ሰልፉ እዛው ይጠብቃችኋል። የደም ግፊት ወይ የልብ ችግር ያለባችሁ ደሞ ደረጃውን በፍጥነት ከመሞከራችሁ በፊት በሰፈራችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ፣ ደረታችሁን ከጫናችሁ ወዲያው አቁሙና ታከሙ።