የቻይና ጥንታዊ ቅርስ ፎቶ ለሳሎን ግድግዳ

የታላቁን የቻይና ግንብ ፎቶ ስትመርጡ አግድሙን ውሰዱ፤ ግንቡ ተራራውን ተከትሎ ሲጠማዘዝ የሚታየው በሰፊ ምስል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በቻይናዋ ዢያን ከተማ አጠገብ የተገኙት የሸክላ ወታደሮች ሐውልቶች ግን ለቋሚ ፍሬም ይመቻሉ። ከሙሉው ሰልፍ ይልቅ የአንዱን ፊት ከቅርብ የሚያሳየው ይበልጣል፤ መልካቸው ይለያያልና የሠሪው እጅ እዚያ ላይ ይታያል።

ከማሳተማችሁ በፊት ፋይሉን እዩ። ለ50 በ70 ሳንቲሜትር ህትመት ቢያንስ 3000 በ4200 ፒክስል ያስፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ የድንጋዩና የጡቡ መስመር ይደበዝዛል፤ እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ከመስኮት ትይዩ ሲሰቀል ብርሃን እየመለሰ ምስሉን ይሸፍናል።

ህትመቱ መስታወቱን ፈጽሞ አይንካ። እርጥበት ሲገባ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ በመሃላቸው 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የወፍራም ካርቶን ጠርዝ አስገቡ።

የፍሬሙ መሃል ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። ከሶፋ በላይ ከሆነ ከመደገፊያው 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ስፋቱም የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ። ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ቀለሙ ይገረጣል።