የሚጮህ ካምቢዮ እቤት ውስጥ እንዴት ይመረመራል፣ እንዴትስ ይጠገናል?

ካምቢዮ፣ ማለትም ማርሽ የሚቀያየርበት የመኪናው ክፍል፣ ሲጮህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡት። ካምቢዮዋ ወርዶ፣ ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ባለ ኳስ ቀለበት) ተቀይሮላት፣ ተመልሶ ተገጥሞ እንደ ድሮው የምትጮህ መኪና ብዙ ናት። ሲታይ ጩኸቱ ከጎማ ኩሽኔታ ወይም ከክሮቸራ (ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ከሚታጠፍበት መጋጠሚያ) ሆኖ ይገኛል። ያ ሁሉ ድካምና ገንዘብ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ የምሰጠው ለምርመራው ነው።

የምጽፈው ለአዲስ አበባ ዳር ነዋሪ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ አካባቢ ግቢና ትንሽ ጊዜ ላለው ሰው። ምሳሌ የማደርጋት የኋላ ጎማዋ የሚገፋ መኪና ናት፤ የድሮዋ ዲኤክስ ኮሮላ ወይም ላዳ። የእነዚህ ካምቢዮ ለጀማሪ ይሆናል። እንደ ቪትዝ ያሉ በፊት ጎማ የሚሳቡ መኪኖች ግን ካምቢዮና ዲፈረንሻላቸው አንድ ላይ ነው። የኩሽኔታቸው ጥብቀት በስስ ቀለበት የሚስተካከልና በልዩ መሣሪያ የሚለካ ብዙዎች ናቸው። እነሱን መርምሩ፣ ከፈለጋችሁም አውርዱ፤ ውስጡን መክፈት ግን ለባለሙያ ይቆይ።

ቆማ ስሟት

ካምቢዮው ውስጥ ሦስት ዋና ዘንጎች አሉ። የመግቢያው ከሞተር ይቀበላል። የታችኛው ጥርሶቹን ያዞራል። የመውጫው ወደ ኋላ ጎማ ይልካል። ይህን ከያዛችሁ ጩኸቱ ራሱ ይመራችኋል።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አስነሱ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሱና ስሙ። የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡት። ድምፁ ከጠፋ ጥርጣሬው የመግቢያው ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ነው። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሁለቱ ዘንጎች ዜሮ ላይም ቢሆን ከሞተሩ ጋር ይዞራሉ፤ ሲረገጥ ይቆማሉ።

ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ዝም ያለችው መኪና ፍሪሲዮን ሲረገጥ የምታፏጭ ወይም የምትንሿሿ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ አርጅቷል። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ካምቢዮው ይወርዳል እንጂ አይከፈትም።

አንድ ሙከራ ልጨምር። ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ክርር ብሎ ከተፋጨ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ገመዱን ወይም የፍሪሲዮኑን ዘይት አስተካክሉ። ሁሉም ማርሽ ሲገባ የሚፋጭባት መኪና ችግሯ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ነው። አንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው፣ ሲፋጭ ደግሞ የዚያ ማርሽ የሲንክሮ ቀለበት (ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያስማማው) ተበልቷል።

መንገድ ላይ

እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ውጡ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ያለው መንገድ በዚያ ሰዓት ይበቃል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ አትሞክሩት፤ በዝግታ መሄድና መቆም የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

በየማርሹ ጥቂት ሂዱና ድምፁን አወዳድሩ። ዋናው ቁም ነገር አራተኛው ማርሽ ላይ አለ። በእነዚህ መኪኖች አራተኛው ቀጥታ ነው፤ ጉልበቱ ከመግቢያው ዘንግ በቀጥታ ወደ መውጫው ያልፋል፣ የታችኛው ዘንግ ሸክም የለበትም። ስለዚህ በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ጮሃ አራተኛ ላይ ዝም የምትል ከሆነ ችግሩ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ወይም ጥርስ ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሰማ ጩኸት የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። በአራተኛም በሌሎቹም እኩል የሚሰማ፣ ቆማ ግን የማይሰማ ከሆነ የመውጫውን ዘንግ ኩሽኔታ ጠርጥሩ።

ከዚያ ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሳችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉና ትንሽ ትንከባለል። ጩኸቱ ከፍጥነቱ ጋር እየቀነሰ ከቀጠለ የመውጫውን ዘንግ ኩሽኔታና ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ሁሉ ፈትሹ። መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብላችሁ ስትመልሱ ድምፁ ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ስትነሱ ወይም ነዳጅ ስትለቁ ኳ የሚል ካለ ክሮቸራውን በእጃችሁ ወዝውዙት፤ ጤነኛ ክሮቸራ ጨርሶ አይላወስም።

ዘይቱ ምን ይላል?

ካምቢዮው ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ከጎን ያለው መሙያ፣ ከሥር ያለው ማፍሰሻ። ሁልጊዜ መጀመሪያ መሙያውን ፍቱ። ማፍሰሻውን አስቀድማችሁ አፍስሳችሁ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢላችሁ ዘይት አልባ መኪና ታቅፋችሁ ቀራችሁ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትሆን ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ መድረስ አለበት። ካነሰ ምክንያቱን ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ከኋላ ያለው ፓራዮሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) እያንጠባጠበ ነው። ኩሽኔታ እንዲሁ አይሞትም፤ ብዙ ጊዜ ዘይት ሲያጣ ነው የሚሞተው። ፓራዮሊዮውን ሳትቀይሩ ኩሽኔታ ብትቀይሩ ጩኸቱ ይመለሳል።

ዘይቱን ንጹህ ሳፋ ላይ አፍስሱት። ማፍሰሻው ብሎን ላይ ማግኔት ካለ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር ይይዛል፤ እሱ ጤናማ ነው። በጣት የሚዳሰስ ስባሪ፣ መርፌ መሰል ብረት ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ግን መክፈት ግድ ነው። ማግኔት የማይስበው፣ ቢጫ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ዱቄት ከሲንክሮ ቀለበቶቹ የመጣ ናስ ነው።

ለመኪናዋ የታዘዘው የካምቢዮ ዘይት ደረጃ ጂኤል 4 ከሆነ ጂኤል 5 አትሙሉ። አንዳንድ ጂኤል 5 ዘይት ውስጥ ያለው ማጠናከሪያ ናሱን ይጎዳል። ስብርባሪ ካልተገኘና ድምፁም ቀላል ከሆነ ትክክለኛውን ዘይት ሞልታችሁ ጥቂት ቀን ንዱት። እዚሁ ላይ የሚያበቃ ጥገና አለ።

ማውረድ

እዚህ ጋ ስለ መሬቱ ልናገር። አቃቂና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ሸክም አይችልም። ክሪክ ይሰምጥበታል፤ መኪና ያዘነብላል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። አራት ስታንድ (የተነሳች መኪና የምታርፍበት የብረት እግር) ይኑራችሁ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ወፍራም ሰፊ ጣውላ አንጥፉ። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ ካለው ጎረቤት ቦታ መለመን አያሳፍርም። ካነሳችኋት በኋላ በጉልበት ግፏት፤ ከተወዛወዘች እንደገና ጀምሩ። ብቻችሁንም አትሥሩ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ዘይቱ መፍሰሱን አረጋግጡ። ከመኪናዋ ውስጥ የማርሽ መቀየሪያውን እጀታ ፍቱ። ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ፣ ትራንስሚሽን የሚባለው፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ሲመለስ በዚያው መግባት አለበት። የኪሎ ሜትር ገመዱን፣ የኋላ ማርሽ መብራቱን ሽቦ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ፣ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) አላቁ። ሞተሩን ከሥር በጣውላና በክሪክ ደግፉት። ካምቢዮውን በሌላ ክሪክ ይዛችሁ መሸከሚያውን ብረት፣ ከዚያ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ፍቱ። ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። የትንሽ መኪና ካምቢዮ 30 ኪሎ አካባቢ ነው፤ በመግቢያው ዘንግ ላይ እንዲንጠለጠል ከተዋችሁት የፍሪሲዮኑን ሸራ (ክብ ሳህኑን) ያጣምማል።

ከወረደ አይቀር ሸራውን፣ ቮላኖውን (ሸራው የሚያርፍበትን የሞተሩን ከባድ ክብ ብረት) እና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ እዩ። ለአንድ ርካሽ ዕቃ ሁለተኛ ማውረድ ሞኝነት ነው።

መክፈት

በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው የኩሽኔታ ጠላት ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል ከቤት ውጭ አትሥሩት። ውጩን በናፍጣና በብሩሽ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ ንጹህ ካርቶን ላይ ክፈቱት። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ከሰል ወይም ሻማ ባለበት ቤት በተለይ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ግማሽ የተፈታ ነገር መሸፈኛ ንጹህ ጨርቅ አዘጋጁ።

እያንዳንዱን ነገር ሳታነሱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የፈታችሁትን በተፈታበት ቅደም ተከተል ደርድሩ፤ የትኛው ፊቱ ወደ ሞተር እንደነበር በማርከር ጻፉ። የማርሽ መምረጫ ዘንጎቹን ስትስቡ ትንንሽ ኳሶችና ስፕሪንጎች ይዘላሉ፤ ሳፋ ላይ ሆናችሁ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ይዛችሁ ሳቡ። ኩሽኔታውን ቆልፈው የሚይዙት ክፍት ቀለበቶችም ይፈናጠራሉ፤ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ኩሽኔታ በመዶሻ አይወጣም፤ ፑለር በሚባል መሳቢያ ነው የሚወጣው። ከሌላችሁ ተከራዩ።

አሁን እዩ። ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁና በእጅ አዙሩት። የሚሻክር ወይም የሚያንቀጫቅጭ ከሆነ ሄዷል። በንፋስ መሣሪያ አታሽከርክሩት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ጥርሶቹ ላይ የተቦረቦረ ቦታ ወይም ስብራት ፈልጉ። የሲንክሮ ቀለበቱን በማርሹ ሾጣጣ ላይ ጫን አድርጋችሁ አዙሩ፤ መንከስ አለበት። በቀለበቱና በማርሹ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ዝቅተኛ ልክ በአብዛኛው 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የራሳችሁን መኪና ልክ ከጥገና መጽሐፉ አረጋግጡ።

ዋና ዋና ጥርሶች ከተሰበሩ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ መግዛት ይሻላል። ጥርስ ብቻውን መቀየር አዲሱን ከአሮጌ ጓደኛው ጋር ያፋጨዋል፤ ጩኸቱም አይቆምም።

ሶማሌ ተራ

መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ፣ ስትወርዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ኩሽኔታው ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ። 6306 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዙ፤ 30 ሚሊ ሜትር የውስጥ ቀዳዳው ነው። የውጭው 72፣ ውፍረቱ 19 ነው። ሲ3 የሚል ከተጻፈበት አዲሱም ሲ3 ይሁን፤ በውስጡ ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ መሆኑን ያመለክታል። ማሸጊያው ሳይሆን ኩሽኔታው ራሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የደበዘዘ ወይም የተዛባ ጽሑፍ ያለበትን ተዉት። ሁሉንም ኩሽኔታ፣ ሁሉንም ፓራዮሊዮና ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) በአንድ ጊዜ ግዙ።

መመለስ

ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ስታስገቡ የውስጡን ቀለበት ብቻ ግፉ፤ ቤቱ ውስጥ ስታስገቡ የውጩን ብቻ። ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ካለፈ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ይቆስላል። ዘይት ውስጥ 90 ዲግሪ አካባቢ ብታሞቁት ያለ ትግል ይገባል፤ ከ120 አታሳልፉ፣ የእሳት ነበልባልም አታስነኩት። ሁሉንም በካምቢዮ ዘይት አርሱ።

ሳትዘጉት በፊት በእጃችሁ እያዞራችሁ ሁሉንም ማርሽ አስገቡና አውጡ። የኋላውንም። የሚያስቸግር ካለ አሁን ፍቱት። ስትገጥሙ የፍሪሲዮኑን ሸራ በመሃል ማስተካከያ ዘንግ ያዙት፤ ካምቢዮው እምቢ ካላችሁ ሸራው ዞር ብሏል ማለት ነው፣ ብሎን አጥብቃችሁ በግድ አታስገቡት።

ዘይቱን ከመሙያው ሞልቶ እስኪፈስ ሙሉት። አሮጌውን በጀሪካን አኑሩት እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ በዚህ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ብዙ ቤተሰብ አለ። ሞተሩን አስነስታችሁ የመጀመሪያውን የዜሮ ማርሽ ሙከራ ድገሙ። ለ500 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ንዱ፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይሩና ማግኔቱ ላይ የተያዘውን እዩ።