ሐኪሙ ሲጠይቅ ማን ይመልስ? ሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖች

ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስለ ሕክምናው የሚወስንለት ወኪል አለው ወይ?» ብሎ ነው። ከሌለ በሜሪላንድ ሕግ ውሳኔው ለትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን ለደረሱ ልጆች፣ ከዚያ ለወላጆች፣ ከዚያም ለእህትና ወንድም ይሰጣል። ልጆች እኩል ድምፅ አላቸው። አንዷ «ማሽኑ ይነቀል» ሌላው «ይቆይ» ካሉ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ አማካሪ ኮሚቴ ይሄዳል።

ይህን የሚያስቀረው አድቫንስ ዳይሬክቲቭ፣ ማለትም ወኪልዎንና የሕክምና ምርጫዎን አስቀድመው የሚጽፉበት ሰነድ ነው፤ ሊቪንግ ዊል የሚባለው የሕክምና ምርጫ የዚሁ ክፍል ነው። ቅጹ ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በነፃ ይገኛል። ጠበቃም ኖታሪም ግዴታ አይደለም፤ ሁለት ምስክር ግን ግድ ነው። ወኪሉ ምስክር መሆን አይችልም፤ ከምስክሮቹ ቢያንስ አንዱም በሞትዎ ምንም የማይወርስና የማይጠቀም መሆን አለበት። ሚስትና ልጅን ምስክር አድርገው የሚፈርሙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያሉት ታላቅ ወንድም ቢከበሩም ለወኪልነት ቅርብ ያለ ሰው ይሻላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እዚያ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 5 ወይም ከሌሊቱ 6 ነው። ተተኪም ይጻፉ።

ቅጹ ስለ ሦስት ሁኔታዎች ይጠይቃል፦ ሞት ስለተቃረበበት ሕመም፣ ስለማይመለስ ራስን መሳት፣ የመጨረሻ ደረጃ ስለደረሰ በሽታ። በቱቦ መመገብ ለብቻው ስለሚጠየቅ ማሽኑን እምቢ ብለው ምግቡን መቀበል ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው በዚህ ነው፤ የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን አማክረው ይሙሉት። «ሟርት ነው» ቢባልም ምክንያትዎን ለወኪሉ በአማርኛ ያስረዱት፤ ሐኪሙ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ኮፒ ለእሱም ለሐኪምዎም ይስጡ። ባንክ ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ሰነድ ሌሊት አይገኝም።

የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚከተሉት ግን ሞልስት የተባለውን፣ ስለ ሕይወት ማቆያ ሕክምና ሐኪም የሚፈርምበትን ትእዛዝ ነው። ጠና ያለ ሕመም ካለብዎ እሱንም ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ አገር ቤት ያለውን ንብረት አይነካም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተለየ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ለራሱ የመወሰን ችሎታ ሲያጣ ለንብረቱ የሰጠው ውክልና ያበቃል፤ የቤቱን ኪራይ የሚሰበስበው ዘመድ ሥልጣኑ በሕግ ይቋረጣል ማለት ነው። ስለዚህ ውክልናው ላይ «ችሎታዬን ባጣም ይጸናል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ኤምባሲ ቀርበው የሚፈርሙት እርስዎ ነዎትና፣ አእምሮዎ ሳይደክም ይጨርሱት።