ደብተሩ ከዘንቢሉ ጋር ይውጣ

እዚህ ሐዋሳ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከኬሚስትሪው ውጭ ደግሞ ባሕረ ሐሳቡም (የዘመን አቆጣጠሩ ስሌት)፣ ግዕዙም፣ የሐይቃችንም ነገር ያጓጓኛል። ለዓመታት «ክረምት ሲመጣ አነባለሁ» ስል ክረምቱ በፈተና እርማትና በልጆች ዩኒፎርም ያልቅ ነበር። አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

ኪስ የሚገባ ደብተር ግዙ። ስልክ አይሆንም፤ ሲከፈት ቴሌግራሙ ይቀድማል። ለሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉበት፤ ጥያቄውም ከቤት ከሚያስወጣችሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ይሁን።

የኔን ላሳያችሁ። አንድ ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስወርድ ገጹ ላይ «ሐይቃችን ለምን ጨው አልሆነም?» የሚል ነበር። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወደ ሰሜን ያሉት ሻላና አቢጃታም መውጫ የላቸውም፤ የነሱ ውሃ ግን አፍ አይገባም። ቆሮሶዬን፣ ማለትም የገዛሁትን ዓሣ፣ የሚያጸዳው ልጅ ሆድ ዕቃውን አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ ወፎች እየወረወረ ጥያቄዬን ሰማና በቢላው መሬቱን ጠቆመኝ፦ «በታች ይሄዳል።» ቤት ገብቼ ሳነብ የሥነ ምድር ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ውሃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ ጨዉን ይዞት ይወጣል።

እጅ ተይዞ ሐሳብ የሚፈታበትን ሥራ ደግሞ ለሒሳብ ስጡት። እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ ዘመን እቆጥራለሁ። የ2018 መስከረም 1 ምን ቀን ዋለ? ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፤ ትርፉን ተዉት። ሁለቱ ሲደመሩ 9397፤ ለ7 ሲገደፍ (ሲካፈል) 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። መጀመሪያ ስሞክረው ትርፏን 2 ደምሬ ቅዳሜ አወጣሁ፤ ሽንኩርቱም አረረ።

መጽሐፍ የማይደርስበትን ከሰው ጠይቁ። የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላን ቀን፣ አያንቶ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች ከዋክብት አይተው እንደሚወስኑ ያወቅሁት ጎረቤቴ ካሉ አዛውንት ጋር ቡና ስንጠጣ ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ መመዝገቡን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ሰው ፊት ደብተር አታውጡ፤ ወዲያው ቃል መምረጥ ይጀምራል። ዝም ብላችሁ ስሙና ቤት ገብታችሁ ጻፉ።

ልጅ የታመመበት ሳምንት ገጹ ባዶ ይደር፣ ግድ የለም።

የሚቀጥለው ገጼ ተጽፏል። ባለፈው የገዛሁት አምባዛ ቤት እስክደርስ ዘንቢል ውስጥ ሲላወስ ነበር፤ ቆሮሶ ግን ከውሃ ከወጣ ብዙም አይቆይም። ቅዳሜ ባለ ቢላውን ልጅ እጠይቀዋለሁ።