እህቶቻችሁ ጀርመን ሊጠይቋችሁ ሲመጡ፦ ከግብዣ ወረቀቱ እስከ ኪታው (መዋዕለ ህጻናቱ) በር

ጀርመን ልጅ እያሳደጋችሁ እህቶቻችሁን ለማስመጣት እያሰባችሁ ከሆነ ይሄ ለናንተ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቪዛው ነው፣ እርግጥ ቪዛው ያደክማል፣ ግን ከመጡ በኋላ ቤት ውስጥ ያለው ነገርም ራሱን የቻለ ስራ ነው። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ እህቶቻችሁ የሚመጡት የኮሎኝን ካቴድራል ሊያዩ አይደለም፣ ልጃችሁን ሊያውቁ ነው። ስለዚ ቀን ስትመርጡም፣ መኝታ ስታዘጋጁም፣ ወረቀት ስታሟሉም «ልጄና አክስቶቿ እኔ በሌለሁበት አብረው የሚውሉበት ጊዜ አለ ወይ» የሚለውን አስቀድሙ።

ከወረቀቱ እንጀምር። እዚ ያለው ሰው ወጪያቸውን እችላለሁ ብሎ የሚፈርመው ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚባል ነገር አለ (ስሙን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰው ዜግነት ሊሰጠው ይገባል)። የሚወጣው ከምትኖሩበት ከተማ አውስሌንደርበሆርደ (የውጭ ዜጎች ቢሮ) ነው፣ ክፍያው 29 ዩሮ ነው፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ መታወቂያ ምናምን ይጠይቃሉ። ኤልተርንሳይት (የወላጅ እረፍት) ላይ ሆናችሁ ኤልተርንጌልድ (የወላጅ አበል) ብቻ የምታገኙ ከሆነ ገቢው ላይበቃ ስለሚችል ባለቤታችሁ ቢፈርም ይሻላል። ደሞ ዝም ብሎ ፎርማሊቲ እንዳይመስላችሁ፣ እንግዳዋ እዚ ሆና መንግስት ለሷ ያወጣው ወጪ ካለ ዞሮ የሚመጣው እናንተ ላይ ነው፣ ስለዚ «ለጓደኛዬ እህትም ፈርሚልኝ» የሚል ሲመጣ ሁለቴ አስቡ።

ከዛ ጊዜው። የአውሮፓ ህብረት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024 ኢትዮጵያውያን ላይ የሸንገን ቪዛ አጠበቀ፣ ያቀረበው ምክንያት መንግስት ተመላሽ ዜጎቹን ለመቀበል አልተባበረም የሚል ነው፣ ዳፋው ግን እህቷን ልትጠይቅ ለምትመጣ ሰው ተረፈ። ድሮ 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፣ መልቲፕል ኤንትሪ (ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ) ቀረ፣ ወረቀት ይቀነስልኝ የሚባል ነገርም የለም። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ የቀጠሮ ወረፋም ስላለ ቶሎ ጀምሩ። ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ተከለከልኩ ብላችሁ አታስመልሱትም፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ግዴታ ነው።

የምትመጣው አራስ ልትጠይቅ ከሆነ ሂሳቡን ከእርግዝናው ጀምሩ፣ ልጅ ከተወለደ በኋላ የምታመለክት እህት የምትደርሰው ገንፎው ካለቀ በኋላ ነው። የሚፈቀደው ቆይታ ቢበዛ 90 ቀን ነው፣ ክርስትና ደሞ ለወንድ በ40 ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ፣ ለወንድ ልጅ ሰፊ ጊዜ አላችሁ፣ ሴት ከሆነች ግን እህትሽ የመጣችው ልክ በወሊዱ ሰሞን ከሆነ ብቻ ነው ሁለቱንም የምታገኘው፣ ከመውለጃው ሶስት ሳምንት ቀድማ ከገባች ክርስትናውን በቪዲዮ ነው የምታየው።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደሞ ስም ነው። ጀርመኖቹ «እህቴ ናት» ስትሏቸው መጀመሪያ የሚያዩት የቤተሰብ ስም ነው፣ የኛ ፓስፖርት ላይ ደሞ እዛ ቦታ ያለው የአያት ስም ነው። በአባት አንድ ከሆናችሁ ይገጥማል፣ በእናት ብቻ ከሆናችሁ ግን የሚያገናኛችሁ አንድም ስም የለም፣ አንዳንዴም አንዷ እዚ በአባቷ ስም ተመዝግባ የሌላዋ በአያት ይሆንና ጭራሽ ይዘበራረቃል። ግብዣ ደብዳቤው ላይ በሁለት ሶስት መስመር አስረዱት፦ እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፣ የአባትና የአያት ስም ነው፣ እኛ የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ብላችሁ የሁለታችሁንም ልደት ሰርተፍኬት ከነትርጉሙ አያይዙ።

ቪዛ ሰጪው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ትመለሳለች ወይ። ከመስሪያ ቤት የእረፍት ፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ንግድ ፈቃድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ እዛ የምትተዋቸው ልጆች ካሉ የነሱ ልደት ሰርተፍኬት፣ ያለው ሁሉ ይግባ። ስራ የሌላትና ያላገባች ትንሽ እህት ከባዷ ኬዝ እሷ ናት፣ ተስፋ ሰጥታችሁ አታስጨንቋት፣ የውሸት የስራ ደብዳቤ የሚያሰራላችሁ ደላላ ጋም እንዳትሄዱ፣ ከተነቃ ቀጥሎ ያለውንም እድል ይዘጋል። ድሮ ከተከለከለች ለኤምባሲው ሬሞንስትራሲዮን የሚባል የቅሬታ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር፣ እሱ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል፣ ያለው አማራጭ እንደገና ማመልከት ወይ ፍርድ ቤት ነው፣ ስለዚ የመጀመሪያውን ፋይል አሟልቶ ማስገባት ነው ጥቅሙ።

አንድ በአንድ ይምጡ ወይስ አብረው? ብዙ ሰው ተራ በተራ ይላል፣ ቤቱ አይጠብም፣ እርዳታውም ይረዝማል ብሎ። እኔ ግን ከተቻለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አንድ ላይ ይሁኑ ባይ ነኝ። አንዲት አክስት ብቻዋን ስትሆን ከልጅ ጋር የምታወራው የልጅ ቋንቋ ነው፣ «ና ማሙሽ፣ ብላ ማሙሽ» ብቻ፣ ሁለት እህትማማቾች ሽንኩርት እየከተፉ ሲተማሙና ሲከራከሩ ግን ልጁ ትክክለኛውን አማርኛ ይሰማል፣ ተረቱን፣ ስላቁን፣ «ኧረ በማርያም!» የሚለውን፣ ያንን እናንተ ከባላችሁ ጋር ስለ ኪራይና ስለ ቀጠሮ በምታወሩት ወሬ አትሰጡትም።

ሻንጣው ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። ከአውሮፓ ውጪ ስጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ቋንጣ፣ አይብ፣ ንጥር ቅቤ ሁሉም። «እኔ አሳልፌያለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ተይዞ ሙሉ ጀሪካን ቅቤ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለበት ሰው ግን አያወራም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ቡና ችግር የለውም፣ ማርም እስከ 2 ኪሎ ይቻላል። ቅቤውን እዚ አንጥሩት! ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ደረቁን ይዘው ይምጡ፣ ጨው የሌለው ቅቤ ከሱፐርማርኬት ግዙ፣ ለትልቋ እህት ማንኪያውን ስጧት። የኔዋ እትዬ መጀመሪያ ላይ «ይሄ እኮ ሽታ የለውም፣ ቅቤ ነው የምትሉት?» ብላ ፊቷን አጨፈገገች፣ ኮሰረቱ ሲገባና ቤቱ ሲታወድ ግን ዝም ብላ ጨው ያለው እንጀራ ላይ ጠብ አድርጋ ለልጄ ሰጠቻት፣ ልጄ ከዛን ቀን በኋላ በቅቤ ቢላ ተቀብቶ የሚቀርብላትን ዳቦ አኩርፋለች።

ስለ ቤቱ ባጭሩ፦ ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ ኮሪደር ላይ ያለው የጭስ አላርም እጣን አይለይም። ከማታ 4 ሰዓት በኋላና እሁድ ጎረቤት ጸጥታ ይፈልጋል፣ ሙቀጫ እሁድ አይወቀጥም። እሁድ ሱቅ ዝግ መሆኑን ቅዳሜ ጠዋት አስታውሷቸው። መስኮት መክፈት ላይ ጦርነት አለ፣ እናንተ ቤቱ እንዳይሻግት ትከፍታላችሁ፣ እነሱ ልጁን ብርድ መታው ብለው ይዘጋሉ፣ ልጁ ሌላ ክፍል ሲሆን ክፈቱና ገላግሉት።

ዋናው ልጁ ላይ ነው። የማትደራደሩበትን ጥቂት ነገር ገና የመጡ ሰሞን በትህትና ግን በግልጽ ተናገሩ፣ ሌላውን ለነሱ ተዉት። መኪና ውስጥ ልጅ እቅፍ ላይ አይቀመጥም፣ እስከ 12 አመት ወይ እስከ 150 ሴንቲሜትር የልጅ ወንበር ህግ ነው። አንድ አመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም፣ ያ ከጎጃም የመጣው ንጹህ ማርም ቢሆን። ጨቅላ በጀርባው ይተኛል፣ ጋቢ ፊቱ ላይ አይደረብም። 6 ወር ያልሞላው ከጡት ወይ ከፎርሙላ ሌላ ውሃም ቢሆን አይሰጠውም። ይሄን «እዚ ሀገር እንዲህ ነው» ብላችሁ ካቀረባችሁት ፈረንጅ ሆንሽ ይሏችኋል፣ ሀገር ቤት ጤና ጣቢያም እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው የሚሉት፣ እሱን አስታውሷቸው። ሄባመዋ (አዋላጇ) ቤት ስትመጣ ደሞ እህታችሁን አጠገቧ አስቀምጧትና ተርጉሙላት፣ ከናንተ ያልተቀበለችውን ነጭ ጋውን እንኳን ካልለበሰች ሴት ትቀበላለች፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ምግብ ላይ ግን እጃችሁን አንሱ። ኪታ የለመደ ልጅ ራሱ በማንኪያ ይበላል፣ ጠገብኩ ካለ ጠገብኩ ነው፣ አክስት ደሞ ሳህን ይዛ ሶፋውን እየዞረች ትከተላለች። ልጄ «ናይን!» (አይ!) ስትላት እትዬ «ምን አለች?» አለችኝ፣ «ጠገብኩ አለች» አልኳት፣ «ጠገብኩ ማለት እንደዚህ በቁጣ ነው?» አለች። ተዉት በቃ፣ ራት ላይ ከየአክስቱ አንድ አንድ ጉርሻ ብላችሁ ህግ አውጡለት፣ ልጁም ይጠብቀዋል እነሱም ይረካሉ።

ቋንቋውም የሚመጣው እናንተ ስትወጡ ነው። እናንተ ካላችሁ ልጁ በጀርመንኛ ይናገራል፣ እናንተ ትተረጉማላችሁ፣ እሱም ሳይቸገር ይውላል። ስለዚ አትተርጉሙ፣ እንዲያውም ውጡ፣ ስራ ሂዱ፣ ገበያ ሂዱ፣ ካፌ ቁጭ በሉ። ልጄ «ዋሰር» ብላ ብላ አክስቷ ሳይገባት ሲቀር እጇን ይዛ ጎትታ ቧንቧው ጋ ወሰደቻት፣ «እ፣ ውሃ ነው እንዴ!» አለቻት፣ ማታ ስመለስ ውሃ በአማርኛ ነበር የተጠየቅኩት። እዛው ቁጭ ብዬ ቢሆን ይሄ አይፈጠርም ነበር። ስትወጡ ግን ፍሪጁ ላይ አድራሻችሁን በጀርመንኛ፣ ለድንገተኛ 112፣ ለአስቸኳይ ያልሆነ ህመም የሀኪም መስመር 116117 ጽፋችሁ ለጥፉ።

ከኪታ እንዲያመጡትም አድርጉ፣ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው፣ ለጓደኞቹ «ይቺ የኔ አክስት ናት» የሚልበት ቀን ነው። ግን ዝም ብላ ሄዳ ልጅ ስጡኝ ብትል አይሰጧትም። የአክስቷን ሙሉ ስም ልክ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለ ጽፋችሁ የፈረማችሁበት ፎልማክት (የውክልና ወረቀት) ቀድማችሁ ስጡ፣ በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ሄዳችሁ አስተዋውቁ፣ ከዛ በኋላ ፓስፖርቷን ይዛ ትሂድ። ልጃችሁ ገና ኪታ ሊጀምር ከሆነ ግን የመላመጃውን ሳምንታት ከነሱ መምጣት ጋር አታጋጩት፣ ቤት ሁለት አክስት ተቀምጠውለት ኪታ የሚወድ ልጅ የለም።

ገንዘብና ስራ ደሞ ከመምጣታቸው በፊት በስልክ ይወራ። እህታችሁ ልትረዳ ብላ የመጣች ብትሆንም ሞግዚት አይደለችም፣ እንግዳም ደሞ አይደለችም፣ «ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት ልጁን ትይዥልኛለሽ፣ አርብ አብረን እንወጣለን፣ ቅዳሜ ያንቺ ነው» ተብሎ ቢታወቅ ማንም ማንን አያማም። «ለእገሌ ጫማ፣ ለእገሊት ሽቶ» የሚለውን የዘመድ ዝርዝርም ያኔውኑ በጀቱን ነግራችሁ ዝጉት፣ ምን ያህል እንደምትከፍሉ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ብትነግሯቸው ነውር የለውም፣ ሀገር ቤት ያለ ሰው የሚያየው የናንተን ፎቶ እንጂ የባንክ ሂሳባችሁን አይደለም።

መሄጃው ሲደርስ፦ 90 ቀኑ የገቡበትንም የሚወጡበትንም ቀን ይቆጥራል፣ በጣት አሻራና በፎቶ ስለሚመዘገብ አንድ ቀን ቢያልፍ ይታወቃል፣ ቲኬቱን ሁለት ሶስት ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ። ከአንድ ሱቅ ከ50 ዩሮ በላይ የገዙት እቃ ካለ ቀረጡ ተመላሽ ስለሚሆን የታክስ ፍሪ ወረቀቱን ካሸር ጋ ጠይቁ፣ እቃውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፋችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ኤርፖርት ጉምሩክ ማህተም ያስመቱ። ለልጁም ቀኑን ቀድማችሁ ንገሩት፣ ተኝቶ እያለ ይሂዱ የሚለውን አልደግፍም፣ ሲነሳ ቤቱን ነው የሚፈልገው። ከዛ ቋሚ የስልክ ሰዓት ያዙ፣ አዲስ አበባ በጀርመን የብርድ ወራት በ2፣ በሙቀቱ ወራት በ1 ሰዓት ይቀድመናል፣ ከኪታ መልስ ራት ከመቅረቡ በፊት ያለው ሰዓት ለሁለቱም ይመቻል፣ ስልኩንም ለልጁ ሰጥታችሁ እናንተ ወጥ ቤት ግቡ።