ሮቦት ወይስ ሮታሪ? የወተት ማለቢያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰንዳፋ አካባቢ የወተት ላም የሚያረቡ አንድ ጎረቤት አሉን። ባለፈው ሰሞን ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩኝ። ትልቅ ክብ መድረክ ቀስ እያለ ይዞራል። ላሞቹ ተራ በተራ ይወጡበታል፣ አንድ ዙር ሲሞላ ታልበው ይወርዳሉ። ሮታሪ የሚባለው ነው። ቀጥለው ሌላ ከፈቱ። እዚህኛው ላይ ሰው የሚባል የለም። ላሟ ራሷ ገብታ ትቆማለች፣ የብረት ክንድ ከሆዷ ሥር ገብቶ ጡቷን ፈልጎ ያልባል።

«ልጄ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አሁን የሚታለቡት ስንት ናቸው?»

«ሃያ ሁለት። ግን ላሰፋው ነው።»

ይህንኑ ጥያቄ ከሱሉልታም ከሆለታም ሰዎች ሰምቼዋለሁ። ደስ ይለኛል፣ ሰው ሥራውን ለማሳደግ ሲያስብ ነውና የሚጠይቀው። ግን ብዙ ገንዘብ የሚበላ ጥያቄ ስለሆነ፣ ሰዎች የሚሳሳቱባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ።

ላም ሳይቆጥሩ ማሽን መምረጥ

ሮታሪ የብዙ ላም ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ የተተከለው የመጀመሪያው እንኳ በአንዴ 50 ላም ይይዝ ነበር። እስቲ እናስላው። 40 ላም የሚይዝ ሮታሪ አንዱን ዙር በ10 ደቂቃ ቢጨርስ፣ በሰዓት 240 ላም ያልባል ማለት ነው። ጋሼ አስፍተው 80 ላም ቢያደርሱ በሁለት ዙር፣ በ20 ደቂቃ አለቀ። ከዚያ ያ ሁሉ ብረት ታጥቦ እስከ ማታ ይቆማል። ለዚህ ነው ሮታሪ ብዙ መቶ ላም ላለው እርሻ የሚሆነው።

ሮቦቱ ሌላ ሐሳብ ነው። ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1992 ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። እዚያ የሰው ጉልበት ውድ ነው፣ እርሻውም ባብዛኛው የቤተሰብ ነው። አንድ ሮቦት ሌት ተቀን እየሠራ 60 ገደማ ላም ይችላል። 120 ካለዎት ሁለት ይገዛሉ። ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሮቦት አንድ አንድ እያሉ ይጨምሩታል፣ ሮታሪ ግን ገና ላልመጡት ላሞች ጭምር ዛሬውኑ ይከፈልበታል።

ሲቆጥሩ ደግሞ የሚታለቡትን ብቻ ይቁጠሩ። የነጠፈችውና ጊደሯ ለማሽኑ አይቆጠሩም።

ሊትሩን መርሳት

ብዙ ሰው ላም ይቆጥርና ሊትር ይረሳል። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

ሮቦቱ የሚሸጥልዎት ጊዜውን ነው። አንዷ ላም ለመታለብ በምትቆምበት የሮቦቱ ሳጥን ውስጥ ሰባት ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ጡቷን ለማጠብና ማለቢያውን ለመግጠም የሚጠፋው ጊዜ 30 ሊትር ለምትሰጠውም 10 ሊትር ለምትሰጠውም ያው ነው። 60 ላም በቀን ሠላሳ ሠላሳ ሊትር ብትሰጥ 1,800 ሊትር ነው። እኛ ዘንድ ደህና የሚባሉት የፈረንጅ ዲቃላዎች 12 ሊትር ቢሰጡ 720 ይሆናል። የማሽኑ ዋጋ፣ መብራቱና ጥገናው ግን አይቀንስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ መኖ እናስብ። ማሽን ወተት ያወጣል እንጂ አይሠራም። የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ ወገብ በሚቆርጥበት ጊዜ ለሮቦት የታሰበው ብር ለድርቆሽ መጋዘንና ለተሻለ መኖ ቢውል ሊትሩን ቶሎ ያንቀሳቅሰዋል። አንድ ነገር ልጨምር። ላሟን ወደ ሮቦቱ የሚጠራት እዚያ የምታገኘው መኖ ነው። መኖው በትናንሽ እንክብል መልክ የተጨመቀ ቢሆን ይመረጣል፤ ዱቄት ከሆነ ቀስ ብላ ትበላለች፣ ማውረጃውንም ይዘጋል። ሌላ ቦታ ጠግባ ከበላች ደግሞ ጭራሽ አትመጣም።

የታሰረች ላም ላይ ሮቦት ማሰብ

የአዲስ አበባ ዙሪያ በረቶችን ያውቋቸዋል። ቦታ ጠባብ ነው። ላሞቹ ጎን ለጎን በገመድ ታስረው ሲሚንቶ ላይ ይቆማሉ፣ መኖውም ውኃውም እፊታቸው ይመጣላቸዋል። ሮቦት የሚሠራው ላሟ በራሷ ፈቃድ ተነሥታ ስትሄድ ነው። ይህ ገመድ አይወድም። የሚያነክስ እግርም አይወድም፣ እግሯን የሚያማት ላም ከተኛችበት ተነሥታ አትሄድማ። ሮታሪም ቢሆን ላሞች ተሰብስበው የሚጠብቁበት ግቢና በሰልፍ የመግባት ልማድ ይፈልጋል። ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት በረቱን እንደ አዲስ መሥራት ሊኖርብዎት ነው። ያ ወጪ ሻጩ በሚሰጥዎት ዋጋ ውስጥ የለም።

ግቷን ሳያዩ ውል መፈረም

ከበረቱ ቀጥሎ ቁጭ ብለው ግቷን ከሥር ይዩት። የሮቦቱ ክንድ ጡቱን የሚያገኘው በካሜራና በጨረር ነው። የኋላ ጡቶቿ የተጠጋጉ፣ ወደ ጎን የዞሩ ወይም ግቷ መሬት ሊነካ የደረሰ ላም ታስቸግረዋለች። የእኛ ዲቃላዎች ግት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሌላው የጥጃ ነገር ነው። የሐበሻ ደም የሚበዛባት ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን ትይዛለች። እናቴ ቡሬን ስታልብ አይቻለሁ። ጥጃውን ታስጠጋዋለች፤ ሁለት ሦስቴ ጎሰም ጎሰም ያደርጋትና ጡቱ ሲወጠር ትመልሰዋለች። ከዚያ እጇን ቅባት ቀብታ ትጀምራለች። በባልዲ የሚያልብ ትንሽ ማሽን ያመጣን ቀን ቡሬ በርግጫ ብላ ባልዲውን ደፋችው። ወተቷን ሳትለቅ ማሽኑን ገጥመንባት ኖሯል። ባዶ ጡት ላይ የሚስብ ማሽን ያማል፣ የጡት ጫፉንም ይጎዳል፣ በዚያ በኩል የጡት በሽታ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማሽኑን መኖ ሲሰጣቸው ባዶውን እናስነሣው ጀመር፣ ድምፁን እንዲለምዱት። ቡሬን ለማስማማት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። አሁን ጡቷን አጥበን፣ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጥቁር ጨርቅ ላይ አውጥተን መርጋት አለመርጋቱን አይተን፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀን ነው የምንገጥመው። ሮቦት ማጠቡን ራሱ ቢሠራም፣ ላሟን ማለማመዱን ትልቁ ማሽንም አያስቀርም።

መብራትን እንደ ትንሽ ነገር ማየት

መብራት ሲሄድ ሁለቱ እኩል አይጎዱም። ሮታሪ የሚፈልገው በማለቢያ ሰዓት ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጄኔሬተር አስነሥተው ይወጡታል። ሮቦት ግን 24 ሰዓት ይፈልጋል። 60 ላም በአንድ በር ነው የሚያልፈው። መብራት ለስድስት ሰዓት ያህል ከጠፋና ጄኔሬተር ከሌለ ሰልፉ እስከ ማግሥቱ አይቃለልም፣ ግታቸው የተወጠረ ላሞችም ያቃስታሉ። የነዳጅ ወጪውን በወር አስልተው ይያዙ። ለማጠቢያ የሚሆን ንጹሕና ሙቅ ውኃ፣ ወተቱን 4 ዲግሪ ላይ የሚያቆይ ማቀዝቀዣም እዚያው ላይ ይደመር።

ፆሙንና ዶላሩን አለማስላት

ዐቢይ ፆም 55 ቀን ነው። የዘንድሮ ገዢዎ በፆሙ ስንት ሊትር ወሰደ? ላሟ በፆምም ትታለባለች፣ የባንክ ብድሩም በየወሩ ይጠበቃል። ማሽኑ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። አንድ ሮቦት ብቻውን ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫውም አብሮ ይጨምራል። ጡቱን የሚይዘው ጎማ ለምሳሌ 2,500 ጊዜ ገደማ ካለበ በኋላ ይቀየራል። 40 ላም በቀን ሁለት ጊዜ በአራት ማለቢያ ብታልቡ በየአራት ወሩ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ጎማው አሁን መጋዘን ውስጥ አለ? እሑድ ሌሊት ቢበላሽ ማን ይመጣል? «እናስመጣለን» ካለዎት አይፈርሙ።

ሁለቱን ብቻ ማወዳደር

በሮቦትና በሮታሪ መካከል ሌላም አለ። በባልዲ የሚያልበው ማሽን ለ10 ለ20 ላም ይበቃል። ከፍ ሲል ደግሞ ላሞች በሁለት ወገን ሰያፍ ቆመው፣ አላቢው መሐል ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያልብበት አዳራሽ አለ። ለ60፣ ለ100 ላም ሮታሪ ሳያስፈልግ ይሠራል፣ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ የሰፈር ቴክኒሻን ሊማረው ይችላል። ጥሩ አላቢ ቶሎ ይለቃል የሚለው ስጋት እውነት ነው። ሮቦቱ ግን ሌሊት በስልክ ሲጣራ ተነሥቶ የሚያይ፣ ኮምፒውተር የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። እሱም ሊለቅ ይችላል።

አንድ ማሽን ልብዎን ከሳበው፣ በማለቢያ ሰዓት ሄደው ይዩት። ማሽኑ ሲሠራ አውራ ጣትዎን ጎማው ውስጥ ያስገቡ። በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል ጨበጥ ለቀቅ ሊያደርግዎት ይገባል። ሳይለቅ የሚስብ ከሆነ ጡቷንም እንዲሁ ነው የሚይዛት።

ጋሼ እስካሁን ምንም ማሽን አልገዙም። የበረቱን አንድ ግድግዳ አፍርሰው ላሞቹን ከገመድ ፈትተዋቸዋል። ማለዳ ማለዳ ከጥግ ፉርሽካ አድርገው ይጠሯቸዋል። ባለፈው ስሄድ አሥራ አራቱ ራሳቸው መጥተው ቆመው ነበር።